ከካርቶኑ ጀርባ ያለው ዋጋ

ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ቀጥዬም እንደገና ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠየቅሁሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንደምታልፊኝ አውቃለሁና። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይንሽ እንዴት ሆነ? ጠብታውን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ነው የምታደርጊው ወይስ ትዝ ባለሽ ጊዜ? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው ወይ? ትንሿ ልጅሽስ እንዴት ናት? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እሷ ስለሆነች እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራት፤ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ አራት ነጥብ ስታዪ ትንፋሽ ውሰጂ፣ «ይሄ እማዬን ያስጨንቃታል» ብለሽ የምትዘልዪው መስመር አይኑር። የሚያስጨንቀውን አስቤበት ነው የጻፍሁት።

እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደህና አይደለሁም፤ ታምሜአለሁ እንዳልልሽም ሐኪሙ ያገኘብኝ ነገር የለም። ልቤ ብቻ ቦታው ላይ አይደለም። ከአርብ ወዲህ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ እጨምራለሁ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሳተራምስ እውላለሁ። ዛሬ ሰኞ፣ ጥቅምት 12 ነው፤ ሐሙስ እስኪደርስ እንዴት እንደምቆይ አላውቅም። ወንዱ ልጅሽ «እስከ ሐሙስ ለእማዬ በስልክ እንዳትነግሪያት» ብሎ አስምሎኛል። እኔም በስልክ አልነግራትም ብዬ ማልሁ። ስለ ደብዳቤ ግን የጠየቀኝ የለም።

ሱቃችንን ካየሽው ብዙ ዓመት ስለሆነሽ ልሣልልሽ። ጠባብና ረጅም ነው። ፍራሾቹ ተጠቅልለው በሲባጎ ታስረው ከግድግዳው ጋር እንደ ተሰለፈ ሰው ቆመዋል። የፕላስቲክ ሳፋና ባልዲ ከጣራው ተንጠልጥሏል፤ ረጅም ሰው ሲገባ ግንባሩን ይመታዋል። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ምድጃው እየተደራረበ መጨረሻው ላይ አንድ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ የእኔ ክፍል ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ የገዥውን ሁሉ ክርክር እሰማለሁ።

የዋጋ ካርቶኖቹን የምጽፈው እኔ ነኝ። እንደምታውቂው ጡረታ እስክወጣ ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ የምስክር ወረቀት ስገለብጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ሲደክም እጄ አልደከመም። ልጅሽ ሱቁን የከፈተ ዕለት «እታለም፣ ያንቺ ጽሕፈት እያለ ማተሚያ ቤት ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ወፍራም ማርከር ገዝቶ ሰጠኝ። ደስ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ዋጋው በእኔ እጅ የተጻፈ ነው።

ያ አንገተ ቀጭኑ ረጅሙ መምህራችን ሁለት ነገር አስተምሮን እንደነበር አትረሺም። ቀን ያልተጻፈበት ገጽ ካየ ከደብተሩ ገንጥሎ ያወጣዋል። የደብተሩ ሽፋን ውስጡ ሳይጻፍበት አዲስ ደብተር ያመጣ ልጅ ደግሞ ቆሞ ይውላል። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜአለሁ፤ ሦስተኛ አልተደገመም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ካርቶን ስጽፍ ከታች ጥግ ላይ በትንንሹ ቀኑን አሰፍራለሁ። ዋጋ ሲለወጥም አሮጌውን ካርቶን አልጥልም፤ ገልብጬ በጀርባው እጽፍበታለሁ። አሁን የገባንበት ጣጣ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የመጣው።

ከፊት ለፊታችን ከበሩ በላይ ድምፅ ማጉያ የሰቀለ ትልቅ ሱቅ ተከፈተ። ማጉያው «ዛሬ ብቻ! ዛሬ ብቻ!» እያለ ይጮኻል። መጀመሪያ የሰማሁት ሰኔ ውስጥ ነው፤ ያች «ዛሬ» እስካሁን አልመሸችም። «ሁለት ሲገዙ አንድ በነጻ» የሚለውን አይቼ ሦስት ሳሙና ገዝቼ መጣሁና በኩሽና ሚዛን ብመዝነው ሦስቱ ተደምረው የድሮዎቹን ሁለቱን እንኳ አላከሉም። ማሸጊያው ያው ነው፣ ሥዕሉ ያው ነው፣ ውስጡ ግን ከስቷል። ምድጃ ደግሞ «ከዘጠኝ መቶ ጀምሮ» ብለው ጽፈዋል። «ጀምሮ» የሚለው ቃል ጉንዳን ታክላለች፤ የዘጠኝ መቶውን ምድጃ አሳዩኝ ብል «አልቋል እማማ» አሉኝ። እኔም ቤት ገብቼ ለልጅሽና ለምራትሽ እያወራሁ አብረን ሳቅን። ስንስቅ ነገሩ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እኛ እየመጣ መሆኑን አላወቅሁም።

ነሐሴ ላይ ልጅሽ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ገዥ ሁሉ ወደ ማዶ ሄዷል። «እታለም፣ የተሰረዘ ዋጋ ካላየ አንገቱን የሚያዞር ሰው የለም» አለኝ። ከዚያም ለመካከለኛው ፍራሽ ካርቶን እንድጽፍ አዘዘኝ። «የቀድሞ ዋጋ 5,200» ብዬ በቀይ እንድሰርዘው፣ ከሥሩ «አሁን 4,100፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ» እንድል፣ በግርጌው ደግሞ «የቅናሽ ዕቃ አይመለስም» እንድጨምር።

5,200 የነበረው መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። በሌላ ሱቅ በዚያ ዋጋ የሚሸጡ አሉ አለኝ። በሌላ ሱቅ ያለ ዋጋ የእኛ «የቀድሞ» የሚሆነው በምን መንገድ ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቅ አለና «እንግዲህ አንቺ ደግሞ ፈተና አታርጊው» አለኝ። ቀኑን ልጽፍ ጥግ ላይ ማርከሬን ሳሳርፍ እጄን ያዘኝ። እዚህ ላይ ቀን አያስፈልግም አለ። እህቴ፣ ያኔ ማርከሩን መክደን ነበረብኝ። አልከደንሁትም። የተጨማደደ ግንባሩን አየሁና አንጀቴ አልችል አለ፤ ጻፍሁለት። ቅዳሜ አልፎ እሑድ ካርቶኑን ላነሣ ስሄድም «ተይው፣ ቅዳሜ እኮ ገና ይመጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀን የለውማ፣ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ማን ያውቃል።

አሁን ወደ ልብስ ተኳሿ ልምጣ። መንገዱ ጥግ ላይ በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝ የምትተኩስ ሴት ናት። ከዓመታት በፊት ሴት ልጇ ትምህርት ቤት አልገባ ስትላት ማመልከቻ የጻፍሁላት እኔ ነበርሁ። ልጅቱም ገባች። እናትየዋ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፣ ቁጥር ግን አያመልጣትም፣ የእኔን ጽሕፈት ደግሞ ከመቶ ትለየዋለች። ካውያዋ አርጅቶ ለአዲስ ካውያ ስታጠራቅም ቆይታ ነበር። ባለፈው ወር በሱቃችን በኩል ስታልፍ ካርቶኑን አየች፤ ወገቧ ለሁለት እየተሰነጠቀ ያስቸግራታል፤ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከ5,200 ወደ 4,100 የወረደ ፍራሽ ነገ አይገኝም። የካውያውን ገንዘብ ሰጥታ ፍራሹን ተሸክማ ሄደች።

አሮጌው ካውያ ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ የሰው ኮት አቃጥሎ ሞተ። ባለፈው አርብ ፍራሹን መልሳ ገንዘቧን ልትወስድ መጣች። ልጅሽ የቅናሽ ዕቃ አይመለስም ብሎ ካርቶኑን አሳያት። የታሰረበት ክር ላላ ብሎ ኖሮ ካርቶኑ ወደቀ። አንሥታ ልትሰጠው ስትል ጀርባውን አየችው። በጀርባው በዚያው በእኔ እጅ «መካከለኛ ፍራሽ፣ 3,800» ይላል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.።

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ወደ እኔ ክፍል ገባችና ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አኖረችው። አንዱን ገጽ አሳየችኝ፣ ገለበጠችና ሌላውን አሳየችኝ። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ጽሕፈት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ነው አልኋት። «እኔ እኮ የገዛሁት እሱን አምኜ ነው» አለችና ካርቶኑን ይዛ ወጣች። ልጇን ትምህርት ቤት ያስገባ ጽሕፈት ነው ያታለላት።

የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ይዟት ወደ ንግድ ቢሮ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ከቢሮው ስልክ ተደወለ፤ ሐሙስ ተቆጣጣሪ ትመጣለች፣ ካርቶኑን የጻፈው ሰውም ይገኝ ተባለ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ልጅሽ እንጀራውን እየቆረሰ ሳይጎርስ መልሶ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻ ቀና ሳይል ተናገረ። ሐሙስ ስጠየቅ ተሳስቼ ነው እንድል፣ የጀርባው ቁጥር የእጅ ስሕተት ነው እንድል ፈለገ። «ማን ይፈርድብሻል እታለም? አርጅታ ነው ይላሉ፣ ያልፋል» አለኝ። ስንት ሺህ የምስክር ወረቀት ገልብጬ አንዲት ቁጥር አዛብቼ የማላውቅ ሴት! ምራትሽ እንደ ልማዷ ነገሩን ለማብረድ «እኔ ድሮም ቤት ውስጥ አሮጌ ካርቶን አናከማች ብዬ ነበር» አለች። ማናችንም አልሳቅንም። እሱ ቀጠለ፤ የንግድ ፈቃዱ ከተነጠቀ ሁላችንም የት እንደምንገባ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የእኔ ክፍል፣ ያንቺም የዓይን ጠብታ ሁሉ ከዚችው ሱቅ መሆኑን ቆጠረልኝ። ዋሸ አልልሽም፤ ይሄኛው እያንዳንዱ እውነት ነው።

ጭንቀቴ ይኸው ነው። ተሳሳትሁ ብል፣ ያች ሴት ውሸታም ትባላለች፤ ያውም እኔን ያመነች ሴት። አልተሳሳትሁም ብል፣ ወልደሽ ለእኔ የሰጠሽኝን፣ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ፊደል ያስቆጠርሁትን ልጅ በገዛ አፌ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ደግሞም እፈራሻለሁ። ታላቅሽ ሆኜ ልፈራሽ አይገባም ነበር፤ ግን «ልጄን አደራ ብዬሽ» ስትዪ ድምፅሽ ከአሁኑ ይሰማኛል። ደጋግሜ ማርከሬን እያነሣሁ አያለሁ። ምነው ያን ካርቶን በጣልሁት እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማሰቤ አፍራለሁ። ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከሐሙስ በኋላ እጨርሰዋለሁ።

ዛሬ እሑድ፣ ጥቅምት 18 ነው። ሐሙስ አለፈ።

ተቆጣጣሪዋ ያንቺን ትንሿን ልጅ የምታክል፣ መነጽር ያደረገች፣ ፋይል የታቀፈች ሴት ናት። ስትገባ ከተንጠለጠለው ባልዲ ጎንበስ ብላ ማለፏን አይቼ ጥንቁቅ ናት አልሁ በሆዴ። ልብስ ተኳሿ በሩ አጠገብ ቆመች። አንዴ ቀና ብላ አይታኝ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ልጅሽ ከኋላዬ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

ተቆጣጣሪዋ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ማን እንደጻፈው ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኋት። «ሁለቱንም ገጽ?» ሁለቱንም። «ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?» አለችኝ በትሕትና። ልጅሽ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ጉሮሮ መጥረግ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አፌን ከፈትሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ «ተሳስቼ ነው» ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኔ ግን ጥጉ ላይ ካለችው ቀን ላይ አረፈ፤ በመልካም ቀለም፣ ሳትንሻፈፍ፣ ልክ እንደ ጻፍኋት ተቀምጣለች። «ትክክሉ ቀን ያለበት ነው» አልሁ።

ቀጥላ ፊተኛውን ገጽ ማን እንዳጻፈኝ ጠየቀችኝ። እጁ የእኔ ነው አልኋት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም እጁ የእኔ ነው ብዬ ደገምሁላት። ሦስተኛ ጊዜ ልትጠይቀኝ እስክሪብቶዋን ስታነሣ ከኋላዬ «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «እኔ ነኝ ያጻፍኳት። ቀኑንም ያስተውኳት እኔ ነኝ።» አልዞርሁም። ብዞር እንደማለቅስ አውቅ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ የተሰረዘ ዋጋ ያለባቸው ካርቶኖች ሁሉ እንዲወርዱ፣ የሴቲቱም ገንዘብ እዚያው እንዲመለስላት አዘዘች። ልብስ ተኳሿ ፍራሹን መልሳ ገንዘቧን ተቀበለች። ስትወጣ ልጅሽን «ወገቤ ለምዶት ነበር፤ ግን ሸሚዝ በወገብ አይተኮስም» አለችው። ለእኔ ምንም አላለችኝም። በማግስቱ በመጠለያዋ በኩል ሳልፍ ሰላምታዬን በራሷ ንቅናቄ ብቻ መለሰችልኝ። ቅር አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው።

ፋይሉ ወደ በላይ አለቃ ሄዷል። ፈቃዱ ይታገዳል ወይስ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል የሚለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይነገረናል። እንግዲህ የጭንቀቱ ቀንበር ተቀየረ እንጂ አልወረደም። ልጅሽ ሐሙስና አርብ አላነጋገረኝም። ምሳዬን ምራትሽ ታመጣልኛለች። እሷም «ተይው፣ ከራሱ ጋር ነው የተጣላው» ትለኛለች። ሱቁ ውስጥ ዕቃዎቹ ዋጋ አልባ ሆነው ቆመዋል፤ ገዥ ሲመጣ ልጅሽ ዋጋውን በአፉ ይነግራል። ማዶ ያለው ድምፅ ማጉያ ግን «ዛሬ ብቻ» ማለቱን ቀጥሏል፤ ወደ እሱ የሄደ ተቆጣጣሪ አላየሁም። ይህም ያቃጥለኛል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከክፍሌ ጠረጴዛ ላይ አንድ እሽግ ካርቶን አገኘሁ። አዲስ ነው፤ ሁለቱም ገጹ ነጭ፣ ምንም ያልተጻፈበት። እሱ ነው ያስቀመጠው። የእውነቱን ዋጋ ጻፊልኝ ማለቱ ነው? ወይስ ከእንግዲህ ጀርባው ባዶ የሆነ ካርቶን ብቻ ተጠቀሚ፣ እንዳያጋልጠን ማለቱ? ልጠይቀው ፈለግሁ፣ መልሱን ፈራሁና ተውሁት። አሳዳጊው ሆኜ የትኛውን እንዳሰበ አለማወቄ ከሁሉ በላይ አሳዘነኝ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ለመካከለኛው ፍራሽ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። «4,100» አለ። የተሰረዘ የለም፣ ቅዳሜ የለም። ለብርድ ልብሱም፣ ለምድጃውም ነገረኝ። ጻፍሁ። ቀኑን ግን ሆን ብዬ ተውሁት። ያን እጄን የያዘበትን ቀን አስቤ ፈራሁ፤ ገና የታረቅን ስለመሰለኝ ሰላሙን ላበላሽ አልፈለግሁም። በዕድሜዬ ሁሉ በፈቃዴ ቀን ሳልጽፍ ያለፍሁት ዛሬ ነው።

የመጀመሪያውን ካርቶን አነሣ። ገለበጠና ጀርባውን አየ። መልሶ ፊቱን አየ። ጥጉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«እታለም፣ ቀኑን ረሳሽው እንዴ?» አለኝ።

ወስጄ ጻፍሁበት። ዜሮዋ እንደ ወትሮው አልሆነችልኝም። እሱ ግን አልታዘበኝም፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ እያቀበለኝ ተራውን ጠበቀ።

እህቴ፣ ሲደውልልሽ አትቆጪው። ብትቆጪውም በልክ ይሁን፣ እናትነትሽን አልነጥቅሽም። እኔንም ወቅሺኝ፤ ማርከሩን የያዝሁት እኔ ነኝና። የዓይን ጠብታሽ በዚህ ወር እንዳይቋረጥ ልጅሽ አስቀድሞ ገንዘቡን ልኮልሻል። ስለሚቀጥለው ወር ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ እናውቃለን፤ እስከዚያው ግን ቁጠባ ብለሽ የታዘዘውን እንዳታጓድዪ፣ አደራ።

ባለቤትሽን በሰላምታዬ ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ለሳሉ «ተአምረኛ» እያሉ በራዲዮ የሚያስነግሩትን ሽሮፕ እንዳይገዛ ንገሪው። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እዚህ ድረስ ሳትዘል ካነበበች ጎበዝ ናት። ያቺን ጎረቤትሽን፣ ሆስፒታል ያደረሰችሽን፣ ሳላያት እወዳታለሁ በያት። ምራትሽ እጅ ነሥታለች። የልጅ ልጆችሽ አያታችን መቼ ትመጣለች እያሉ ይጠይቁኛል። ልጅሽ ሰላም በያት ብሎኛል፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይቶኝ ምንም አላለም።

ታላቅ እህትሽ

ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ፣
እሑድ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.